ከውስጠኛው ክፍል የገባው ድምፅ

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት የልዕልትን ቀረጻ መጀመሪያ የጎረቤት ውሻ አበላሸባት፤ ቀጥሎ የባጃጅ ጥሩምባ፤ ከዚያ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ኪቦርዷን እንደገና አበራች፣ ስልኳን ማቆሚያው ላይ አስተካከለች፣ የከበሮ ማሽኗን ተጭና ምቱ ዞሮ እስኪመጣ ጠበቀች። ጣቶቿን ልታሳርፍ ስትል ውሻው መልሶ ጮኸ። ወንበሩን ገፍታ ተነሣች። መጋረጃውን ዘጋች፤ መልሳ ከፈተችው።

«ዛሬ ይቅርብሽ» አላት ባሏ ይበልጣል ጫማውን እያሰረ። «ነገ እሑድ ነው።»

«እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ አለ።»

«እንግዲያስ ሰኞ።»

«ሰኞ ሥራ ነኝ። አንተ ዝም ብለህ ሂድ።»

ይበልጣል ስቆ ወጣ። ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያስተምረው፤ የቅዳሜ ተማሪዎች አሉት። ቤታቸው ጎንደር፣ ፀዳ የሚባለው ሰፈር ነው፤ በየሳምንቱ አዲስ ግድግዳ ስለሚቆምበት የሚፈጭ፣ የሚመታ፣ የሚራገፍ ነገር አይጠፋም። ልዕልት ግን ቀረጻዋን ሌላ ቦታ ልታደርገው አትፈልግም። ሰው ቤቱ ተቀምጦ እንደሚጫወተው መሆን አለበት ትላለች። ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ሰቅላ፣ ኪቦርዱንና የከበሮ ማሽኑን አንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ ብቻዋን እየተጫወተች ራሷን ትቀርጽና ዩቲዩብ ላይ ትለቀዋለች። የሚያዩላት ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ሆስፒታል አብረዋት የሚሠሩ። እሷ የፋርማሲ ባለሙያ ናት።

ሙዚቃ የተማረችው ከግድግዳ ማዶ ነው። አባቷ የዜማ መምህር ናቸው፤ ልጅ ሳለች ተማሪዎቻቸው ግቢው ውስጥ ሲያዜሙ ይውሉ ነበር። ሴት ልጅን ቁጭ አድርጎ ዜማ የሚያስተምር አልነበረም፤ እሷ ግን ሽንኩርት እየከተፈች ሁሉንም ሰምታ ያዘችው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የጓደኛዋን ኪቦርድ የነካች ቀን ያ ሁሉ ድምፅ ከጣቶቿ ሊወጣ ተሻማ። ከዚያ ወዲህ እጆቿ አርፈው አያውቁም። መድኃኒት ስታድል እንኳ የመስኮቱን ጠርዝ ትመታለች። አንድ ቪዲዮ ለቃ ሳትጨርስ ስለሚቀጥለው ታስባለች፤ የለቀቀችውን ስታየው ደግሞ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ብቻ ይጎድለዋል።

ውሻው ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ኪቦርዱንም ማይኩንም እንዳበራች፣ ቀረጻውን ሳታቋርጥ ትታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከጎረቤት ጋር ልትነጋገር ወጣች። ንግግሩ ረዘመ።

ቤት ውስጥ የቀሩት ወይዘሮ አምሳል ብቻ ነበሩ። የይበልጣል እናት ናቸው። ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡት የዓይናቸውን ሞራ ሊያስወግዱ ሲሆን፣ አንዱ ዓይናቸው ተሠርቶላቸው በፋሻ ተሸፍኗል፤ ሐኪሙ እስኪያሰናብታቸው ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለው ውስጠኛ ክፍል ነው የሚውሉት። ወገራ ላይ እርሻ ያላቸው፣ ዝምታ የሚወዱ ሴት ናቸው። ታናሽ ልጃቸው ሰውአገኝ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ከወረደ ሁለት ክረምት አልፏል። አብረውት የወረዱት ተመልሰዋል፤ እሱ «ትንሽ ሠርቼ እመጣለሁ» ብሎ ከነሱ እንደተለየ ቀረ። ስልኩ አይሠራም፤ ያየው ሰው የለም። ወይዘሮ አምሳል ግን ለጠየቃቸው ሁሉ «ደህና ነው፤ ከድንበር ማዶ ሥራ ይዟል» ይላሉ። የሰውአገኝ ሚስት ሸዋረጋም እዚያው አምባ ጊዮርጊስ፣ እሳቸው ቤት ተቀምጣ ትጠብቀዋለች።

ልዕልት ከሰዓት በኋላ የቀረጸችውን ለመለየት ጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ ስትሰማ፣ እሷ የሌለችበት ቦታ ላይ ደረሰች። መጀመሪያ ፀጥታ ነው። ከዚያ የአልጋ ጠርዝ ሲንቋቋ። ከዚያ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ ጫፉ ላይ የሚሰበር፣ ለማንም ያልታሰበ።

ሰውአገኝ ብዬህ ሰው አገኘሁ ስል፣
መንገዱ ዋጠህ ወይ ደህና ሁኚ ሳትል።

ልዕልት መልሳ ከፈተችው። ድምፁ ትንሽ አረፈና ቀጠለ።

አፈሩ ከብዶህ ወይ ቀለለህ ልጄ፣
የማለብስህ ጋቢ ቀረብኝ በእጄ።

እጆቿ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብለው ጭኗ ላይ ተቀመጡ። ሲጎድላት የነበረውን አገኘሁት ብላ አሰበች። ወዲያው ደግሞ ተነሥታ ኪቦርዱ ላይ ቅኝቱን መፈለግ ጀመረች።

ከሥራ መልስ በየቀኑ በሱ ላይ ሠራች። ከድምፁ ሥር ረጅም ወፍራም ድምፅ ዘረጋች፤ እንደ ልብ ምት ዝቅ ያለ ከበሮ አስገባች፤ በሁለቱ ግጥሞች መካከል ደግሞ እንደ ዋሽንት የሚያለቅስ ነገር በቀኝ እጇ ተጫወተች። ስትጫወት ራሷን ቀረጸች፤ ምስሉ ውስጥ የሚታየው እጆቿና ገርበብ ያለው የውስጠኛው ክፍል በር ብቻ ነው። ሲያልቅ ይበልጣልን አስቀምጣ አሰማችው።

ይበልጣል ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ስለ ወንድሙ ብዙ አያወራም ነበር።

«ለእናቴ ነግረሻታል?»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ሳትነግሪያት እንዳትለቂው።»

«እነግራቸዋለሁ አልኩህ እኮ።»

ሄደችም። ወይዘሮ አምሳል አልጋቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘው ነበር። «ልዕልት ነሽ? ነይ ግቢ» አሉ። አጠገባቸው ተቀመጠች። ፋሻውን አየችላቸው፤ ጠብታውን ጨመረችላቸው፤ የሳሙና ሽታ ስለማይወዱ ትራሳቸውን ቀየረችላቸው። አፏ ላይ ያለው ቃል ግን አልወጣም። «አይሆንም» ቢሉስ? እምቢ ከተባለ ያ ሥራ ሁሉ እዚያው ሊቀር ነው። ከተለቀቀ በኋላ ሲሰሙት ደስ ይላቸው ይሆናል፤ ሰው ሲያደንቅላቸው ያዩ ይሆናል። እንዲህ እያለች ራሷን አሳመነች። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ታክሲ ውስጥ ሆና፣ ከሥሩ «የወገራ እናት» ብላ ጽፋ ለቀቀችው።

ቪዲዮው በቀናት ውስጥ እሷ ከምታውቀው ሰው ሁሉ አልፎ ሄደ። አስተያየቱ አያቆምም፤ ስልኳን ኪሷ ስትከተው ይነዝራታል፤ ስታወጣው ሌላ ሺህ ሰው አይቶታል። ምግብ አልበላ አላት። ሰው ሲያናግራት ግማሹን አትሰማም። አንድ ቀን ከሰዓት የፋርማሲው መስኮት ላይ ቆማ ሳለ፣ ከሰልፉ ውስጥ የራሷን ኪቦርድ ሰማች። አንዲት ሴት ስልኳን ጆሮዋ ሥር ይዛ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ልዕልት «እኔ ነኝ!» ብላ ልትጮህ ደረሰች። ሴትዮዋ አጠገቧ ላለችው «ልጇ የሞተባት እናት ናት» ስትል ግን ከመስኮቱ ወደ ኋላ አለች።

ስልኳን ከፍታ አየች። አንድ የማታውቀው ገጽ ቪዲዮውን ቆርጦ ወስዶታል፤ ከበላዩም በትልቁ «ልጇን ያጣች የወገራ እናት ሙሾ» ተብሎ ተጽፏል። ከእሷ ይልቅ የሱን ያየው ሰው በዝቷል።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ይበልጣል ሳሎን ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የአባቱ ወንድም፣ አያ ማሩ ናቸው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ። ድምፃቸው ስልኩ ጆሮው ላይ ሆኖ ለልዕልትም ይሰማታል።

«አንተ ይበልጣል! ምነው እንዲህ አደረጋችሁን? የሥጋችንን መርዶ ከሰው ስልክ እንስማ? እናትህ ሙሾ ስታወርድ አገር ሰማ፤ እኛ ነን የመጨረሻዎቹ?»

«የምን መርዶ ነው አያ ማሩ?»

«የሰውአገኝ ነዋ! የማን ይሆናል? ዳስ ተተክሏል፣ ሰው ከየአቅጣጫው እየመጣ ነው። ቄሱንም ለፍትሐት ይዘናል። እናትህን ይዘሃት ና።»

ይበልጣል መልስ ሳይሰጥ የውስጠኛው ክፍል በር ተከፈተ። ወይዘሮ አምሳል በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል።

«ማን ነው የሞተ?»

ይበልጣል ሚስቱን አየ። ልዕልት ተነሥታ አማቷ ፊት ቆመችና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ማይኩ ክፍት እንደነበረ፣ ድምፃቸውን እንደሰማች፣ በሙዚቃ እንደሠራችው፣ እንደለቀቀችው። ስትናገር ጣቶቿ የቀሚሷን ጠርዝ ያሽከረክሩ ነበር።

«ልጠይቅዎ ነበር፣ እማማ።»

«ታዲያ አፍሽን ማን ያዘው?»

ልዕልት የቀሚሷን ጠርዝ ለቀቀችው።

«አምጪው» አሉ ወይዘሮ አምሳል ወንበር እየዳበሱ። «ልስማው።»

ከሻሻቸው በላይ ጆሮ ማዳመጫውን አደረገችላቸው። አሮጊቷ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ከንፈራቸው ከራሳቸው ድምፅ ጋር ተንቀሳቀሰ። ሲያልቅ ማዳመጫውን አላወለቁም።

«ከበሮውን ማን ነው የሚመታው?»

«ማሽን ነው። እኔ ነኝ የሞላሁት።»

«ያ የሚያለቅሰውስ?»

«እሱም እኔ ነኝ። በኪቦርድ።»

«ሸጋ አርገሽዋል» አሉ። ፊታቸውን ወደሷ አዞሩና «ሸጋ አርገሽ ልጄን ገደልሽልኝ» አሉ።

«እናቴ...» አለ ይበልጣል።

«ተው። አንተ አትግባ።» ማዳመጫውን አወለቁት። «ስሚ፣ ልዕልት። ሰው ብቻውን ሲሆን የሚያውቀውን ብቻ አይደለም የሚለው፤ የሚፈራውንም ይላል። የፈራሁትን ለፈጣሪ አልሁት። ላንቺ መች ነገርሁሽ? ለአገር መች ነገርሁ?»

ልዕልት እግራቸው ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። አልከለከሏትም፣ አላባበሏትምም። ካለቀሰች በኋላ ቪዲዮውን ከገጿ አጠፋችው። ለወሰዱት ሰዎች ግን ብትጽፍም የሚሰማት አላገኘችም፤ አንዱ በሳቅ መለሰላት፣ ሌላው ጭራሽ ዘጋት። የፈሰሰ ውኃ ሆነ።

«ጠዋት እንሄዳለን» አሉ ወይዘሮ አምሳል። «አንቺም ትሄጃለሽ። ያንን ኦርጋንሽን ያዢ፤ መቅረጫሽንም ያዢ። ያን ባሰማሽበት መንገድ ልጄ በሕይወት እንዳለም ታሰሚልኛለሽ።»

በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ልዕልት በባትሪም የሚሠራውን ትንሹን ኪቦርድ ከነቦርሳው ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀመጠች። ወደ ለቅሶ ቤት ኪቦርድ ይዛ የምትሄድ ሴት በዓለም ላይ እሷ ብቻ እንደሆነች ይሰማት ነበር። ወለቃን አልፈው፣ የመንገድ ዳር የሸክላ ዕቃ ሻጮች ገና ሲዘረጉ፣ መኪናው ዳገቱን ተያያዘው። ወይዘሮ አምሳል ከፊት ተቀምጠው አንድ ጊዜም አልዞሩም። ኬላ ላይ ወርደው ሲፈተሹ አንድ ፈታሽ ቦርሳውን አስከፍቶ ኪቦርዱን አየና «ሠርግ ነው?» አላት። ይበልጣል «አይደለም» ብሎ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ብርዱ እየበረታ፣ የገብሱ ማሳ በሁለቱም በኩል እየተዘረጋ ሄደ። የልዕልት እግር ወለሉን ይመታል፤ ታስቆመዋለች፤ መልሶ ይጀምራል። «እባክሽ» አላት ይበልጣል ቀስ ብሎ። ካለፈው ቀን ጀምሮ ሌላ ቃል አልተናገራትም ነበር።

አምባ ጊዮርጊስ ወርደው ከዋናው መንገድ ትንሽ እንደሄዱ ዳሱ ታየ። ወይዘሮ አምሳል ከግቢው በር ሲደርሱ የተቀመጠው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ ጩኸቱ ከዳሱ ፈንድቶ ወጣ። «ወየው ሰውአገኝ! ወየው አንተ ሸጋው!» ሴቶች እጃቸውን ዘርግተው መጡባቸው።

«ዝም በሉ!» አሉ ወይዘሮ አምሳል። ከዚያች ቀጭን ሴት ያን የሚያህል ድምፅ ይወጣል ብላ ልዕልት አልጠበቀችም። «ማን ሞተ ብላችሁ ነው የምታለቅሱ? ማን ሬሳ አይቶ ነው?»

ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየተቆራረጠ ቆመ። አያ ማሩ በትራቸውን ተደግፈው ወደ ፊት መጡ።

«አምሳል፣ በጆሯችን ሰማን እኮ። 'አፈሩ ከብዶህ ወይ' ስትዪ ሰማን።»

«ሰምታችኋል። ብቻዬን ያለሁ መስሎኝ ነው ያልሁት። መርዶ የነገረኝ የለም። ልጄ ሞቷል ያለኝ የለም!»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዳንዱ ነጠላውን አስተካክሎ ቁጭ አለ፤ አንዳንዱ ቀስ ብሎ ወደ በሩ አፈገፈገ። ቄሱም «እንግዲያስ ፍትሐት አይደረግም። ፍትሐት ለሞተ ነው፤ ለጠፋ ምሕላ ነው» ብለው ተነሡ። በዚህ መካከል ከቤቱ ውስጥ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ወጣች። ልዕልት መጀመሪያ አላወቀቻትም። ሸዋረጋ ናት። ትከሻዋ ላይ ይወርድ የነበረው ሹሩባ የለም፤ ራሷ ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል።

ወይዘሮ አምሳል ባንድ ዓይናቸው አተኩረው አዩአት፤ ቀረብ ብለው መዳፋቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ።

«ምነው ልጄ? ምነው እስክመጣ ብትቆዪ?»

«ድምፅዎን ሰማሁ» አለች ሸዋረጋ። «እርስዎ 'አፈሩ' ካሉ እኔ ምን ቀረኝ ብዬ ነው።»

ልዕልት የኪቦርዱን ቦርሳ ከትከሻዋ አውርዳ የምታስቀምጥበት አጣች። ከገጿ ላይ ያጠፋችውን ቪዲዮ አሰበች፤ አንድ ቁልፍ ተጭና ነው ያጠፋችው።

ሰዉ ሲቀልል ወይዘሮ አምሳል በጓሮ በኩል፣ ከድርቆሹ ክምር አጠገብ በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡ። «በይ ስልክሽን አቁሚው» አሏት። ልዕልት ስልኩን ማቆሚያው ላይ ሰካች፤ ነፋሱ ማይኩ ውስጥ እንዳይገባ በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው። ኪቦርዱን ከቦርሳው ስታወጣ ግን ወይዘሮ አምሳል እጃቸውን አነሡ።

«ተዪው። ይሄ ዘፈን አይደለም።»

መልሳ ከተተችው።

«ሸዋረጋ፣ አንቺም ነይ። ራስሽን ሸፈን አርጊና አጠገቤ ተቀመጪ። ባልሽ እንዳለ ንገሪያቸው።»

ሸዋረጋ በሩ ላይ እንደቆመች «አልልም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አልልም፣ እማማ። ይቆጡኝ እንጂ አልልም።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ሁለት ክረምት ሙሉ 'ደህና ነው' ሲሉ እኔም 'ደህና ነው' አልሁ። አንድ ቀን አልቅሼ አላውቅም። ባለቅስ እኔ የምገድለው መሰለኝ። ያን ዕለት ድምፅዎን ስሰማ አለቀስሁ፤ አልቅሼ እንቅልፍ ወሰደኝ። እሱ ከሄደ ወዲህ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም። ከመጣ እሰየው፤ ሮጬ ነው የምቀበለው። ተመልሼ ግን አልጠብቅም። አልችልም።»

ይበልጣል አንገቱን ደፋ። ልዕልት የሸዋረጋን ዓይን ማየት ፈርታ የስልኩን ስክሪን ታያለች፤ መቅረጽ አልጀመረችም። ከወዲያ ማዶ ሰዎች የዳሱን ሸራ ሲያወርዱ ይሰማል።

«ልጀምር፣ እማማ?» አለች ልዕልት በመጨረሻ።

«ጀምሪ።»

«እኔ አምሳል ነኝ» አሉ ወደ ስልኩ እያዩ። «የሰውአገኝ እናት። ያ የሰማችሁት የኔ ድምፅ ነው። ሰው ይስማልኝ ብዬ አላልሁትም። ልጄ ሞቷል ብዬም አላልሁ።» እዚህ ላይ ሊቀጥሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ በሩ ላይ የቆመችውን ሸዋረጋን አዩና ዘጉት። እንደገና ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «በሕይወት አለም አልላችሁም። እስከ ዛሬ አለ ስል ኖሬያለሁ። አላውቅም። የማውቀው አለማወቄን ነው። ያየው ሰው ካላችሁ ንገሩኝ። ወድቆም ከሆነ የት እንደወደቀ ንገሩኝ፤ የነገረኝን አልቆጣም። በቃ።»

ልዕልት አጠፋችው። ሸዋረጋ ከበሩ ወርዳ መጣችና አማቷን ክንዳቸውን ይዛ አስነሣቻቸው፤ ሁለቱ ተደጋግፈው ወደ ቤት ገቡ።

ያን ቪዲዮ ስትለቀው ብዙ ሰው አላየውም። በመጀመሪያው ያለቀሱት ሁሉ ለሁለተኛው አልመጡም። ከመጡት ጥቂቶች ግን መልእክት ጎረፈ። አንዱ ከድንበር ማዶ አየሁት አለ፤ ሌላው ሁመራ አለ። ይበልጣል አንዱን ፍንጭ ይዞ መተማ ድረስ ወርዶ ተመለሰ፤ ያገኘው ስሙ የሚመሳሰል የሌላ እናት ልጅ ነው። የልጁን ስልክ ቁጥር ለዚያች እናት ሰጥቷት መጣ። ከዚያ ጉዞ በኋላ ነው ከልዕልት ጋር ቁጭ ብሎ የተነጋገረው። «ተቆጥቼሻለሁ፤ ግን እኔም ወንድሜን የፈለግሁት ያን ዘፈን ከሰማሁ በኋላ ነው» አላት። «የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።»

ልዕልት ለብዙ ጊዜ ምንም አልለቀቀችም። ኪቦርዱን ታበራለች፣ ጥቂት ትነካለች፣ ታጠፋለች። የሥራ ባልደረቦቿ «ምነው ጠፋሽ?» ሲሏት ትስቃለች። ሌሎች ሴቶች ደግሞ የእናቶቻቸውን እንጉርጉሮ እየቀረጹ «እንደዚያ አድርጊልን» ብለው ይልኩላታል፤ አንዱንም ከፍታ አልሰማችውም።

ሸዋረጋ የተላጨው ፀጉሯ ጣት ሲያህል ጎንደር ወርዳ ዳቦ ቤት ተቀጠረች። ቤተሰቦቿ ወደነሱ እንድትመለስ ጠይቀዋት ነበር፤ አልፈለገችም። ወይዘሮ አምሳል ራሳቸው ናቸው መንገዱ ድረስ የሸኟት። አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ከጣቶቿ መካከል ዱቄቱ እንኳ በደንብ ሳይለቅ፣ እነልዕልት ቤት መጣች። የቀረበላትን ሻይ ጠጥታ እስክትጨርስ ስለ ሥራዋ አወራች። ከዚያ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና «ያ የእማማ ድምፅ አለሽ?» አለች።

ልዕልት ደነገጠች። «ከዩቲዩብ ላይ አጥፍቼዋለሁ።»

«እሱን አውቃለሁ። አንቺ ጋ አለ ወይ?»

«አለ።»

«ስጪኝ። ከለቅሶው ወዲህ ስሙን የሚጠራ የለም፤ እዚያ ላይ ግን እሳቸው ይጠሩታል። ሁሉም 'ልጁ'፣ 'ወንድምህ'፣ 'ባልሽ' ነው የሚለው።»

ልዕልት «ቆይ» ብላ ስልኳን አነሣች። አምባ ጊዮርጊስ ደወለች። መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠባት፤ በሦስተኛው ወይዘሮ አምሳል አነሡ። ሸዋረጋ የጠየቀችውን ነገረቻቸው፤ «ልስጣት ወይ?» አለች።

«ለሷ ስጫት» አሉ ወይዘሮ አምሳል። «ለሷም ነው ያልሁት፣ አሁን ሳስበው። ለሌላ ግን አይሆንም።»

«እሺ፣ እማማ።»

«እሷ ደህና ናት? ትበላለች?»

«ትበላለች። ወፍራለች።»

«ሸጋ» አሉና ዘጉት።

ልዕልት ኮምፒውተሯን ከፈተች። ሸዋረጋ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና ስክሪኑ ላይ የተደራረቡትን ቀለማት አየች።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ይሄ የእማማ ድምፅ ነው። ይሄ ከበሮው፣ ይሄ ኪቦርዱ።»

«የእማማን ብቻ አርጊልኝ።»

«ሁሉንም ላውጣው?»

«ሁሉንም። አትቀየሚኝ፤ ሸጋ ነው። ግን እሱ ሲገባ አንቺን ነው የምሰማው።»

ልዕልት ከበሮውን አወጣች። ወፍራሙን ድምፅ አወጣች። እንደ ዋሽንት የሚያለቅሰው ላይ ስትደርስ ጣቷ ትንሽ ቆየ፤ በዚያ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የምትወደው እሱን ነበር። አወጣችው። የቀረውን አንድ ጊዜ አሰማቻት፤ አልጋው ሲንቋቋ፣ ትንፋሽ፣ ከዚያ ስሙ። ሸዋረጋ አላለቀሰችም። አገጯን በመዳፏ ደግፋ እስከ መጨረሻው ሰማችና ስልኳን አቀበለቻት፤ ልዕልት ላከችላት።

«ታክሲ አሁን ይገኛል?» አለች ሸዋረጋ ሻሿን እያሰረች። «ነገ ሊጥ የምገባው በማለዳ ነው።»

ልዕልት ነጠላዋን አንሥታ እስከ አስፋልቱ ሸኘቻት።